መጀመሪያ ክፍሉ፣ ቀጥሎ ስፒከሩ

ደብረ ብርሃን ላይ ደህና ብር አውጥቶ ስፒከር የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። ሱቅ ውስጥ ጥርት ብሎ የሰማው ድምፅ ቤት ሲገባ ይደፈርሳል፤ ባሱ ያጓራል፣ የዘፋኙ ቃል አይለይም፣ ትንሽ ከፍ ሲያደርጉት ጆሮ ይወጋል። ጥፋቱ ወዲያው ስፒከሩ ላይ ይላከክና ሌላ ለመግዛት ይታሰባል። በእኛ እምነት ግን በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ሳሎኑ ነው። ከስፒከሩ በቀጥታ ከሚደርሰን ድምፅ ጋር ከግድግዳ፣ ከወለልና ከጣሪያ እየነጠረ የሚመጣውንም አብረን እንሰማለን። ባዶ ግድግዳ ባለው ተራ ሳሎን ውስጥ ከሁለት ሜትር በላይ ርቆ ለተቀመጠ ሰው ነጥሮ የሚመጣው ከቀጥተኛው ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ የድምፅ ጥራት የሚያሳስበው ሰው ሐሳቡንና ገንዘቡን በዚህ ቅደም ተከተል ቢያወጣ እንመርጣለን፦ አቀማመጥ፣ ከዚያ ክፍሉ፣ ከዚያ ስፒከር፣ ከዚያ አምፕሊፋየር (ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ)፣ መጨረሻ ላይ ሽቦና የቀረው። የመጀመሪያው ሳንቲም አያስወጣም። ለሁለተኛው ደግሞ ሰሜን ሸዋ ከውጭ የሚያስመጣው ነገር የለም፤ የመንዝ በግ ጠጉር አለለት።

ባስ ለምን ያጓራል

ድምፅ የአየር እርግብግቢት ነው። በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ በሄርዝ ይለካል፤ ጤናማ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ይሰማል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህን ፍጥነት ለሄርዙ ስናካፍለው የሞገዱ ርዝመት ይወጣል። የጸናጽል ሽርሽርታ ያለበት የ10,000 ሄርዝ ሞገድ 3.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከከበሮው ሰፊ አፍ በታች የሚወርደው የ40 ሄርዝ ባስ ግን 8.5 ሜትር ይረዝማል፤ ከሳሎኑ ይበልጣል።

ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል የሚመላለስ ባስ፣ የግማሽ ሞገዱ ርዝመት ከክፍሉ ርዝመት ጋር ሲገጥም እየተደራረበ ይጎላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 340ን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ማካፈል። 4 ሜትር ርዝመት ላለው ክፍል 42 ሄርዝ አካባቢ ይሆናል፤ የእሱ እጥፎችም፣ 85 እና 127፣ አብረው ይነሳሉ። ክፍሉ 4 በ4 ከሆነ ደግሞ ርዝመቱና ስፋቱ አንድ ዓይነት ባስ ላይ ይገጥማሉና ጉርምርምታው ይደርባል። ለማዳመጫ ክፍል መምረጥ የሚቻል ከሆነ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነውን መተው ነው። 3.6 በ5 የሆነ ክፍል ከ4 በ4 ይሻላል።

በተደራረበው ባስ ውስጥ የት እንደተቀመጥን ሁሉን ይለውጠዋል። ግድግዳ ጥግ ባሱ ከፍተኛ ነው፤ የክፍሉ መሃል ላይ የመጀመሪያው ባስ (በ4 ሜትሩ ክፍል 42 ሄርዙ) ይጠፋል። አብዛኛው ሳሎናችን ውስጥ ሶፋው ግድግዳውን ይዞ ነው የሚደረደረው፤ ስለዚህ አድማጩ ሁሉ የተቀመጠው ባሱ በሚያጓራበት ቦታ ነው። ዋናውን መቀመጫ ከኋላ ግድግዳ 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ብቻ ለውጡን ያሳያል። ቦታ ላለው ሰው የሚመከረው መነሻ ከክፍሉ ርዝመት 38 በመቶ ገደማ ነው፤ በ4 ሜትር ክፍል ከግድግዳው 1.5 ሜትር ያህል።

የደብረ ብርሃን ከፍታ (ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ) ድምፁን ይለውጠው እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። የድምፅ ፍጥነት የሚለዋወጠው በሙቀት ነው፤ አየሩ መሳሳቱ አይነካውም። በታኅሣሥ ሌሊት 5 ዲግሪ ላይ 334 ሜትር፣ 20 ዲግሪ ላይ 343 ሜትር ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ የሚያዳምጥና አንኮበር ብርድ ላይ የሚያዳምጥ ሰው በዚህ ምክንያት የሚያገኙት ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ማጨብጨብ ያሳውቃል

ክፍሉ መካከለኛና ቀጭን ድምፅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። መሃል ቆሞ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ማጨብጨብ ነው። ጭብጨባው ወዲያው ቢሞት ጥሩ። «ዝርርር» እያለ እንደ ብረት ቢንቀጠቀጥ፣ ድምፁ በሁለት ባዶ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው ማለት ነው። የዘፈኑን ቃል የሚያደፈርሰው ይሄው ነው።

የቤቱ ዓይነት እዚህ ላይ ይለያል። ብሎኬት ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም የሆነው አዲሱ ቤት ለድምፅ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምንም የሚውጥ ነገር የለውም። የመንዝ የድንጋይ ቤትም ግድግዳው ያነጥራል፣ ግን ጣሪያው በጓሳ ሣር ከተከደነ ያ ወፍራም ክዳን ብዙውን ይውጣል። በጭድ የተለሰነው የጭቃ ቤት ያልተስተካከለ ገጽ አለው፣ ኮርኒሱም ብዙ ጊዜ ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ ስለሆነ ባሱ ወደ ላይ ያልፋል፤ ለማዳመጥ ከተባለ ከብዙ ቪላ ይሻላል። ችግሩ ከላይ ያለው ቆርቆሮ ነው። ምስማሩ የላላ ቆርቆሮ ባስ ሲመታ ይንጣጣል። የማያቋርጥ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ የስልክ አፕሊኬሽን ከፍቶ ከ30 እስከ 200 ሄርዝ ቀስ እያሉ ሲወጡ የሚንጣጣው ቦታ ራሱን ያጋልጣል። ቡፌ ውስጥ ያለ ብርጭቆ፣ የመስኮት መስታወት፣ የበር ማጠፊያ፣ ሁሉም በየተራው ይጮኻል። ከመስታወቱ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጎማ ወይም ቁራጭ ጨርቅ ማስገባት በቂ ነው።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍን እንቃወማለን። ከቀጭኑ ድምፅ ጥቂት ይነካል እንጂ ባሱንም ሆነ የሰውን ድምፅ አይውጥም፣ እሳት ደግሞ በቀላሉ ይይዘዋል። የፍራሽ ስፖንጅ ከዚያ ይሻላል፣ ግን ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ይገድላል።

የበግ ጠጉር ሰሌዳ አሠራር

ድምፅ የሚዋጠው አየሩ በቀጫጭን ክሮች መካከል ሲያልፍ ተፋትጎ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ሲለወጥ ነው። ፋብሪካዎች ለዚህ የመስታወት ክር ወይም የድንጋይ ክር ይሸጣሉ። የበግ ጠጉርም ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ቆዳ አያሳክክም፣ እሳት ቢነካው እንደ ስፖንጅ አይንቦገቦግም፣ ከሰሎ ይቆማል። ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) እና በርኖስ የሚሠራበት አገር ይህን ትቶ ስፖንጅ ሲያስመጣ ያሳዝናል።

አንድ ሰሌዳ ለመሥራት 120 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥልቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ፍሬም ይመታል። ጠጉሩ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና በደንብ ይታጠባል፤ ቅባቱ ካልወጣ ክረምት ላይ ይሸታል፣ ብልም ይጠራል። ከታጠበ በኋላ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት። ከዚያ ይባዘታል። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሰሌዳው አይሠራለትም፤ የተቋጠረ ጠጉር ውስጥ አየር አያልፍም፣ በቋጠሮዎቹ መካከል ያለው ክፍተትም ድምፁን እንዳለ ያሳልፈዋል። በዚህ መጠን ፍሬም ውስጥ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ የተባዘተ ጠጉር ይገባል። ከዚያ በታች ከሆነ ይሳሳል፣ ጊዜ ሲያልፍም ወደ ታች ይወርዳል። እንዳይወርድ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲባጎ መወጠር ነው። ፊቱ በአቡጀዲ ይሸፈናል። ጨርቁ ትክክል መሆኑን ለማወቅ አፍ ላይ አድርጎ መተንፈስ ነው፤ ትንፋሽ ካለፈ ድምፅም ያልፋል። ላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ ሸራ ከሆነ ድምፁ እዚያው ነጥሮ ይመለሳል፣ ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

ሰሌዳው ከግድግዳው ጋር ከሚጣበቅ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢሰቀል አቅሙ ይጨምራል። በዚህ አሰቃቀል ከ400 ሄርዝ በላይ ያለውን በደንብ፣ እስከ 200 ድረስ ያለውን በከፊል ይውጣል። ከዚያ በታች ላለው ባስ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል፦ በጆንያ የተሞላ ጠጉር በሁለቱ የፊት ማዕዘኖች ከወለል እስከ ኮርኒስ መደርደር። ውፍረቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ባሱ ላይ የሚሰማ ለውጥ አይጠበቅም። ቤተሰቡ ይህን እሺ ካላለ፣ መቀመጫውን ማራቅ የተሻለው አማራጭ ነው።

ሰሌዳው የት ይሰቀል? አድማጩ ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው መስታወት ይዞ የጎኑን ግድግዳ እየታከከ ይሄዳል። አድማጩ መስታወቱ ውስጥ ስፒከሩን ያየበት ቦታ የመጀመሪያው ነጠራ ያለበት ነው። ለግራና ለቀኝ አንድ አንድ፣ ከአድማጩ ጀርባ አንድ ወይም ሁለት። ወለሉ ላይ ከስፒከሩና ከአድማጩ መካከል ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ። ይህ ለአንድ ሳሎን ይበቃል። ግድግዳውን ሁሉ ማልበስ አያስፈልግም፤ ቀጭኑ ድምፅ ተውጦ ባሱ ብቻውን ይቀራል፣ ክፍሉም ጆሮ የተደፈነበት ይመስላል። ጊዜ የሌለው ሰው ዝተት አጥፎ በዚያው ቦታ ቢሰቅል ግማሽ መንገድ ይሄዳል። በየዓመቱ በበጋ አውርዶ ፀሐይ ላይ ማራገፍ ከብል ይጠብቀዋል።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ ይህ ሁሉ የክፍሉን ውስጥ የሚያሳምር ነው። ለጎረቤት የሚደርሰውን ድምፅ አይቀንስም። እሱን የሚያቆመው ክብደት ያለው ግድግዳና ቀዳዳ የሌለው በር ነው።

ስፒከሩን ማስቀመጥ

ብዙ ቤት ውስጥ አንዱ ስፒከር ቡፌው አናት ላይ፣ ሌላው ወለል ላይ፣ ከሶፋ ጀርባ ይገኛል። እንዲህ ተቀምጦ ስቴሪዮ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ በስፒከሮቹ መካከል 2 ሜትር ካለ ከእያንዳንዱ እስከ አድማጩም 2 ሜትር። ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ይስተካከል፤ ለወንበር 1 ሜትር ገደማ፣ መደብ ላይ ለሚቀመጥ ደግሞ ዝቅ ይላል። ሁለቱም ትንሽ ወደ አድማጩ ይዙሩ። በትክክል ከተቀመጡ የዘፋኙ ድምፅ ከሁለቱም ስፒከር ሳይሆን ከመሃላቸው፣ ምንም ከሌለበት ባዶ ቦታ ይመጣል። የዚህን ጥበብ መሠረት አለን ብሉምላይን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1931 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል።

ከጀርባ ግድግዳ ያለው ርቀት ሌላ ሒሳብ አለው። ወደ ኋላ ሄዶ የተመለሰው ድምፅ ከፊተኛው ጋር እየተጣፋ አንድ ቦታ ላይ ጉድጓድ ይፈጥራል። 340ን ለርቀቱ አራት እጥፍ ብናካፍል ጉድጓዱ የት እንደሆነ ይታወቃል። 1 ሜትር ከሆነ 85 ሄርዝ፤ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 170 ሄርዝ፣ እሱም የወንድ ድምፅ ሙላት ያለበት ነው። ድምፁ የሳሳ ከመሰለ ስፒከሩን 20 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ወይም ወደኋላ ማንቀሳቀስ ነው። ከጀርባ ግድግዳና ከጎን ግድግዳ ያለው ርቀት እኩል እንዳይሆን፤ ሁለቱ ጉድጓዶች አንድ ቦታ ይወድቃሉ።

ዉፈር (ባሱን የሚያወጣው ስፒከር) ለብቻው ላለው ሰው ቦታ የሚፈለገው በተቃራኒው ነው። ዉፈሩን አድማጩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀምጦ ባስ ያለው ዘፈን መክፈት፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ግድግዳውን ተከትሎ መዞር። ባሱ እኩልና ግልጽ ሆኖ የተሰማበት ጥግ የዉፈሩ ቦታ ነው።

የሽቦው ቀይና ጥቁር በአንዱ ስፒከር ከተገለበጠ ባሱ ይጠፋል፣ የዘፋኙም ድምፅ መሃል አይቆምም፤ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ሆኖ ይበተናል። ምልክቱ የጠፋበት ስፒከር ላይ 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ነካ አድርጎ ማየት ይቻላል። ዉፈሩ ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው።

ዋት፣ ኦም፣ ሽቦ

ካርቶን ላይ «5,000 ዋት ፒኤምፒኦ» የሚል ጽሑፍ ሲታይ ከመደነቅ በፊት መሣሪያውን ገልብጦ ጀርባውን ማንበብ ነው። እዚያ ከሶኬት የሚወስደው ኃይል ተጽፏል። 80 ዋት የሚል ከሆነ ከ80 ዋት በላይ ሊያወጣ አይችልም፤ በተለመደው አምፕሊፋየር ደግሞ ግማሹ ገደማ ወደ ሙቀት ይሄዳል። ፒኤምፒኦ የሚባለው ቁጥር ለገበያ የተፈጠረ ነው፣ የሚለካበት አንድ ወጥ ደንብም የለውም። የሚፈለገው «አርኤምኤስ» የሚለው፣ መሣሪያው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል ነው።

ለሳሎን ብዙ ዋት አያስፈልግም። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ላይ 87 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) የሚሰጥ ጥንድ ስፒከር ለተለመደ ማዳመጥ በአማካይ ከ1 ወይም ከ2 ዋት በላይ አይፈልግም። የቀረው ከበሮው ሲመታ ለሚመጣው ድንገተኛ ከፍታ ነው፤ 30 እስከ 50 እውነተኛ ዋት ያንን ይሸፍናል። ዋቱን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ በጆሮ እምብዛም አይታወቅም። እጥፍ የጮኸ እንዲመስል 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ትዊተር የሚያቃጥለውም ብዙ ጊዜ ትንሽ አምፕሊፋየርን እስከ ጥግ መክፈት ነው፤ አቅም ሲያጥረው የሞገዱ አናት ይቆረጣል፣ ከተቆረጠው የሚወጣው ቀጭን ድምፅ ትዊተሩ ላይ ያርፋል።

ያገለገለ ስፒከር ሲገዛ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዞ መሄድ ነው። 8 ኦም (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መለኪያ) የተባለ ስፒከር በቴስተር 6 ወይም 7 አካባቢ ያሳያል፤ ይህ ጤናማ ነው። ምንም ካላሳየ ኮይሉ (ውስጡ የተጠቀለለው ሽቦ) ተበጥሷል። ከዚያ ዉፈሩን በሁለት እጅ ጣቶች ከዳር ከዳር እኩል ቀስ አድርጎ መጫን፤ የሚፋቅ ድምፅ ካለ ኮይሉ ተጣሟል፣ ይተው። የዉፈሩ ጠርዝ ስፖንጅ ከሆነ በጣት ሲነካ መፈርፈሩን ማየት ነው። ጎማ የሆነው ረጅም ዕድሜ አለው።

ስለ ሽቦ ብዙ ይወራል፤ እኛ ባጭሩ እንለፈው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ለ5 ሜትር ርቀት ሄዶ መመለሻው 0.07 ኦም ብቻ ነው የሚይዘው። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ክር የሚያህለው 0.5 ካሬ ግን 0.34 ኦም ይይዛል፤ እሱን መቀየር ያዋጣል። ከዚያ በላይ ለሽቦ የሚወጣ ገንዘብ ለጠጉሩ ቢሆን ይሻላል። ሲገዛ ሽቦውን በምላጭ መፋቅ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው።

መብራቱ

«ሁምም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ከስፒከሩ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው 50 ሄርዝ የሆነው መብራታችን ነው። ቴሌቪዥኑ፣ ሪሲቨሩና አምፕሊፋየሩ በተለያዩ ሶኬቶች ሲሰኩና ከዲሹ ኬብል ጋር ሲያያዙ ግራውንዱ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ መስመር) ዙር ይሠራል። ሁሉንም ወደ አንድ ማከፋፈያ መሰካት፤ ካልቆመ የዲሹን ኬብል ነቅሎ ማየት። ሲነቀል ከጠፋ መንስኤው እሱ ነው። የግራውንዱን እግር መቁረጥ ግን በፍጹም፤ ሁምታው ሊጠፋ ይችላል፣ መሣሪያው ውስጥ ችግር ሲፈጠር የሚያድነንም አብሮ ይጠፋል። ብረቱ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ግራውንድ ማስቀበር ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል። በዚያው መስመር ላይ ያለ አምፕሊፋየር እንጀራ ሲጋገር ቮልቱ ይወርድበታል፣ ምጣዱ ሲነሳና ሲጠፋም ይንጣጣል። መስመር መለየት ነው መፍትሔው። መብራት ሄዶ ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ቮልቱ ይዋዥቃልና መሣሪያውን ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይጠቅማል። በሶላር ለሚጠቀም የገጠር ቤት ርካሹ ኢንቨርተር ሞገዱ ሻካራ ስለሆነ ትራንስፎርመር ያለውን አምፕሊፋየር ያስጮኸዋል። ከ12 ቮልት ባትሪው በቀጥታ የሚሠራ፣ ቲፒኤ3116 የተባለው ቺፕ ያለበት ትንሽ ክላስ ዲ (ኃይል የሚቆጥብ) የአምፕሊፋየር ሰሌዳ ከ4 ኦም ስፒከር ጋር በየጎኑ ከ10 እስከ 15 ዋት ይሰጣል፤ ለአንድ ክፍል ይበቃል።

የተቀዳው ራሱ

ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና ይወስዳል፤ የሰው ጆሮ ለሚሰማው 20,000 ሄርዝ ይበቃል። ኤምፒስሪ ከዚያ ላይ ብዙውን ይጥላል። በሰከንድ በ320 ኪሎ ቢት የተጨመቀውን ከዋናው መለየት ለሠለጠነ ጆሮም ከባድ ነው፤ በ128 እና ከዚያ በታች ግን ይታወቃል። ለመፈተሽ ጸናጽል ያለበት የማሕሌት ቅጂ ይሻላል። በደንብ ካልተቀዳ ቅጭልታው እርስ በርሱ ተለጣጥፎ «ሽሽሽ» ይሆናል። በ128 የተቀዳን ፋይል ወደ 320 መለወጥ የጠፋውን አይመልስም፣ ቦታ ብቻ ይይዛል።

ስፒከሩን ለመፈተን በገና ጥሩ ነው። ከአውታሩና ከድልድዩ መካከል የሚገባው እንዚራ፣ ቁራጭ ቆዳ፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ ይፈጥራል፤ አዲስ አድማጭ ስፒከሩ የተቀደደ ሊመስለው ይችላል። በጥሩ ስፒከር ንዝረቱ ከእያንዳንዱ አውታር ጋር ተነስቶ ከእሱ ጋር ይበርዳል፣ ከሥሩ ያለው ወፍራም ቃናም ለብቻው ይሰማል። በመጥፎው ሁሉም አንድ ጉርምርምታ ይሆናል።

ሁለት ስፒከር ሲወዳደር ድምፃቸው እኩል መሆኑን በስልክ መለኪያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በጥቂቱ በልጦ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ሻጭ ይህን ያውቃል። የሚቀያይረው ሌላ ሰው ይሁን፣ አድማጩም የትኛው እንደተከፈተ አይንገሩት።

ከካሴት ተገልብጠው የሚዞሩ የድሮ ዘፈኖች ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መጓዝ አለበት፤ የገለበጠው ቴፕ 6 በመቶ ከፈጠነ ዘፈኑ በግማሽ ቶን ይወጣል፣ የዘፋኙም ድምፅ ይቀጥናል። የክራሩ ቃና ከሚታወቀው መቃኛ ጋር አልገጥም ካለ በኮምፒውተር ላይ ባለ ነፃ ማስተካከያ ፍጥነቱን በ1 በ1 በመቶ እየቀነሱ ማዳመጥ ነው። ፍጥነትና ቃና አብረው የሚቀንሱበትን ትእዛዝ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ቃናውን ብቻ ወይም ጊዜውን ብቻ የሚቀይረው ሌላ መዛባት ያመጣል።